ስፒል የነከሰች ሴት

በ2016 ዓ.ም. በበልግ ነበር። በዚያ ሰሞን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ይከብዳል፤ ዝናቡ ግን ሰው መንገድ ላይ እስኪወጣ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። በዚያ ሳምንት በሕይወት እያለሁ ተለቀሰልኝ። እንዲህ ነው የሆነው።

ፒያሳ ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ አለኝ። የምሰፋው በአብዛኛው የመዘምራን ጋውን ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እኔንና አንድ ልጄን ያኖረን እሱ ነው፤ ስለዚህም አምላኬን አመሰግናለሁ። ስሠራ ስፒሎቹን በከንፈሬ ነው የምይዘው። ሙያውን ያስተማረችኝ ሴትዮ እንደዚያ ታደርግ ነበርና ለመደብኝ። ደንበኞቼ "አንቺ ዝምተኛ የሆንሽው በስፒሉ ነው" ይሉኛል። ሳይሆን አይቀርም።

ልጄ ትስላለች። ልጅ ሆና ጋውን ለመቁረጥ በማዘጋጃቸው የቅድ ወረቀቶች ጀርባ ላይ ትስል ነበር። በቤታችን ግድግዳ ላይ ሥዕል አልነበረም፤ በቤተ ክርስቲያናችንም የለም። ስለዚህ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። ወረቀቶቹን ግን አልጣልኳቸውም።

ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ ሥራ አጣች። ታላቅ ወንድሜ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። አባታችን ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ናቸው። "እኔ ዘንድ ትግባ" አሉ። ለደግ ነው ያሉት። ልጄ ግን ጊዜ ለመነቻቸው። በአዲሱ የባህል ማዕከል ውስጥ ያለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም የከተማዋን ወጣት ሠዓሊዎች ሥራ ሊያሳይ ነው፤ ከእሷም አንድ ሥዕል ጠይቀዋታል።

"ሥዕሌ ከተሰቀለ መሳሌን እቀጥላለሁ" አለቻቸው። "ካልተሰቀለ ሰኞ እርስዎ ሱቅ እገባለሁ።"

"ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው፣ አጎቴ።"

እኔ የማዕከሉን ትልቁን አዳራሽ አውቀዋለሁ። ጋውን የሰፋሁላቸው መዘምራን እዚያ ሲዘምሩ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ትከሻቸው ላይ ስፌቱ እንዳይሳብ ስመለከት ነበር። ፎቁ ላይ ሙዚየም እንዳለ ግን አላውቅም ነበር።

"እማ፣ ከራስሽ በላይ እኮ ነው" አለችኝ ልጄ። "ቀና አላልሽም እንጂ።"

የሣለችው እኔን ነው። ሥዕሉ እንደ መስኮት የሰፋ ነው፤ ፊቴና ትከሻዬ ብቻ ነው ያለበት። ደንበኛ ሲገባ ከስፌት መኪናው ቀና የምልበትን ጊዜ ነው የያዘችው። ነጠላዬ ከግንባሬ ሸሸት ብሏል። ከንፈሬ መሃል ስፒሎች አሉ፤ ራስ ራሳቸው ያበራል።

"ምነው ስፒሉን ባወጣሽልኝ?" አልኳት መጀመሪያ ሳየው።

"ስፒሉን ካወጣሁት ሌላ ሴትዮ ትሆኛለሽ።"

እውነቷን ነበር።

ሥዕሉ ሐሙስ መግባት ነበረበት፤ አውደ ርዕዩ የሚከፈተው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሐሙስ ጠዋት ደመናው ጠቆረ። ልጄ በአንሶላ ልትጠቀልለው ስትል፣ ነጭ በጭቃ ይበላሻል ብዬ ከጋውን የተረፈ ጥቁር ገበር አወጣሁላት። ጨርቁ አጠረ። ከታች እስከ አፌ ድረስ ሸፈነና አለቀ። ከላይ ላስቲክ አለበስነው፤ ላስቲኩ ግን ዓይኔንና ግንባሬን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የጨርቁን ጫፍ በማዕዘኑ በኩል አስሬ ቋጠርኩት። የተረፈችውን ቁራጭ ልጄ ፀጉሯ እንዳይረጥብ ራሷ ላይ አሰረቻት። ባጃጅ ውስጥ ገብታ ሥዕሉን በሁለት እጇ አቅፋ ሄደች። እኔ ጸልዬ ሸኘኋትና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሐሙስ የእናቶች ጾም ጸሎት ነው፤ ስልክ ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከጎረቤቴ ነው። ጎረቤቴ የስልጤ ልጅ ናት፤ መንገዳችን ጥግ ላይ ሱቅ አላት። ባጃጁ ከሱቋ ፊት ለፊት ባለው ጉድጓድ ጋ ሲያዘግም ቀና ስትል ዓይኔን አየችው። ከታቹ ጥቁር ጨርቅ፣ ማዕዘኑ ላይ ጥቁር ቋጠሮ፣ ያቀፈችው ልጄ ደግሞ ጥቁር አስራለች። በእኛ አገር የሰው ፊት እንደዚያ ጎልቶ፣ ጥቁር ታስሮበት በመንገድ የሚሄደው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ሲሞት ፎቶው ይጎላና ከድንኳኑ ፊት ይቆማል።

ከጸሎት ስመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ወደ ሰፈራችን ስታጠፍ በራችን ላይ ሰው አየሁ። የእድሩ አግዳሚ ወርዷል። ወንዶቹ የድንኳኑን ብረት እያቆሙ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል።

በዚያ ቤት የምንኖረው ሁለት ነን። እኔ እዚህ ነኝ።

"ልጄ ምን ሆነች?" አልኩ።

አንዷ ዞር ብላ አየችኝና "በኢየሱስ ስም!" ብላ ጮኸች። ጎረቤቴ ከአግዳሚው ላይ ተነሳች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

"አንቺ! ሞተሽ አይደል እንዴ?"

"ማነው ያለሽ?"

"ማንም አላለኝም፤ እኔ ነኝ ያልኩት!"

"ልጄስ? ልጄ የት ናት?"

"ልጅሽማ ፎቶሽን ይዛ በባጃጅ ሄደች! ጥቁር አስራበት! ጠራኋት፣ አልሰማችኝም። ደወልኩላት፣ አታነሳም። ላንቺ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ወላሂ፣ ምን ልበል?"

ያኔ ነው ነፍሴ የተመለሰችው። አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ።

"ፎቶ አይደለም" አልኩ። "ሥዕል ነው። እሷ ናት የሣለችኝ። ባህል ማዕከል ሊሰቀል ነው።"

"በቁምሽ?"

"በቁሜ።"

"ጥቁሩስ?"

"የጋውን ገበር ነው። ከዝናብ ብዬ።"

ጎረቤቴ አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ ትስቃለች። "አላህ ይይልሽ! እንባዬን ጨረስሽው። ለሻዩ ስኳር ሁሉ አውጥቼልሻለሁ፤ አሁን ማን ይመልስልኛል?" እያለች ትከሻዬን ትመታኛለች። ሕያው መሆኔን ለማረጋገጥም ይመስለኛል።

የእድሩ ሰብሳቢ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር ቶሎ አይወስኑም። የድንኳኑን ገመድ እንደያዙ ተጠግተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"እና እንፍታው?" አሉ።

"ይፍቱት፣ አባባ። እግዜር ይስጥልኝ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ወንድሜ ደረሱ። ሱቃቸውን ሳይዘጉ፣ የሥራ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ነው የመጡት፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። ሁለቱን ትከሻዎቼን ያዙና አዩኝ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አዩ።

ነገሩ ሲነገራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ከሴቶቹም አንዳንዶቹ "በቁም ያለ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ጥሩ አይደለም፤ ሞት ይጠራል" እያሉ ማጉረምረም ጀምረዋል።

"ይህ ሥዕል አይሰቀልም" አሉ ወንድሜ። ሲቆጡ ከእኔ ጋር የሚናገሩት በሲዳምኛ ነው፤ ይህን ግን ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ አሉት። ከዚያ የማዕከሉን ስልክ ሰው ጠይቀው፣ እዚያው ቆመው ደወሉ። "የቤተሰቡ ታላቅ እኔ ነኝ። ቤተሰብ አልፈቀደም" አሉ።

ታላቅ ወንድሜን በሰው ፊት ተቃውሜ አላውቅም። ያን ቀንም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን እሺ ማለት አልነበረም።

ልጄ አመሻሽ ላይ መጣች።

"መለሱት?" አልኳት።

"አልመለሱትም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አስቀመጡት። ቤተሰብ ተጣልቶበታል አሉኝ።"

አላለቀሰችም። ብሩሾቿን አንድ በአንድ አጥባ አደረቀችና ከረጢት ውስጥ ከተተቻቸው። "ሰኞ አጎቴ ሱቅ እገባለሁ። ቃሌ ነው" አለች። ከረጢቱን አልጋዋ ስር ገፋችው። ያ ከረጢት አልጋ ስር ሲገባ ያየሁት እኔ ነኝ። ማንም እንደዚያ ሲያደርግ ለማየት አልፈልግም።

ተንበርክኬ ጸለይኩ። የወንድሜን ልብ ሳትሰብር መልስልኝ አልኩ። ሌላ ነገር አልለመንኩም። ከጸሎቴ ስነሳ የማደርገውን አውቄ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሱቄን አልከፈትኩም። በእጅ የሚጠለፍ የጋውን እጅጌ በቦርሳ ይዤ ባህል ማዕከሉ ሄድኩ። አዳራሹን አልፌ ደረጃውን ወጣሁ። ላይኛው ፎቅ አዲስ ቀለም ይሸታል። ወለሉ ላይ ላስቲክ ተነጥፏል። ግድግዳው ነጭ ነው፤ መብራቶቹ ከጣሪያው አንገታቸውን አጎንብሰው እያንዳንዱን ሥዕል ያያሉ። አንዱ የገበያ ቀን ሥሏል፤ አንዷ ቀለም ብቻ፣ ምንም ሰው የሌለበት። ሁለት ሠራተኞች መሰላል ላይ ሆነው ይሰቅላሉ። እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ ያለ ነበር። ሥዕል ባለበት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

በመጨረሻው ግድግዳ ላይ ባዶ ቦታ አየሁ። ሚስማሩ ተመቷል። ከጎኑ በአማርኛና በሲዳምኛ የተጻፈች ትንሽ ካርድ ተለጥፋለች፤ "እናቴ፣ ሥራ ላይ" ትላለች። ሸራው ከሥሯ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

የሙዚየሙ ኃላፊ ወጣት ነው፤ ሰው አክባሪ። ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቀኝ አወቀኝ።

"እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሽማግሌ ደውለው ቤተሰብ አልፈቀደም አሉኝ።"

"ቤተሰቡ እኔ ነኝ" አልኩት። "ፊቱም የእኔ ነው።"

"አውቃለሁ። ግን ነገ ሰው ሁሉ በሚመጣበት ሰዓት እዚህ ጠብ እንዲነሳ አልፈልግም። እሳቸው እሺ ካሉኝ አሁኑኑ እሰቅለዋለሁ።"

ልጁ ልክ ነው። እኔም ያለ ወንድሜ እሺታ እንዲሰቀል አልፈለግኩም። ልጄ በአጎቷ ቂም ላይ እንድትጀምር አልፈልግም።

"ወንበር አለህ፣ ልጄ?"

አመጣልኝ። ባዶው ሚስማር ስር ተቀመጥኩና ለወንድሜ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ባህል ማዕከሉ ውስጥ ነኝ። ሙዚየሙ ጋ። እስኪመጡ እቆያለሁ።"

"አልመጣም።"

"እሺ። እቆያለሁ።"

እጅጌዬን አውጥቼ መጥለፍ ጀመርኩ። ሠራተኞቹ መሰላላቸውን ሲያዞሩ "እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ" ይሉኛል፤ እኔ ፈቀቅ ብዬ እመለሳለሁ። ለምሳ ሲወጡ ዳቦ አመጡልኝ። ከሰዓት ዝናቡ መጣና መስታወቱን ይደበድብ ጀመር። አንደኛው እጅጌ አልቆ ሁለተኛውን ስጀምር ከሠራተኞቹ አንዱ፣ "እማማ፣ እርስዎን ራስዎን ብንሰቅልዎትስ? ይቀለን ነበር" አለኝ። ሳቅኩ። በልቤ ግን እየጸለይኩ ነበር።

ወንድሜ ዝናቡ ሳያባራ መጡ። ደረጃው አድክሟቸዋል፤ ባርኔጣቸው ይንጠባጠባል።

"ምን ሆነሽ ነው? ሰው ምን ይላል?"

ተነስቼ ወንበሩን ሰጠኋቸው። አልተቀመጡም።

"ጋሼ፣ ሥዕሉን አይተውታል?"

"ለምን አየዋለሁ?"

"እንግዲያው አይተው ይከልክሉኝ።"

መልስ ሳልጠብቅ ሸራውን ያዝኩና አዞርኩት። ከበደኝ፤ ኃላፊው መጥቶ ረዳኝ። ጥቁሩ ጨርቅና ላስቲኩ ከላዩ ተነስቷል። ወንድሜ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቀረቡ፣ ራቁ፣ መልሰው ቀረቡ።

"አፍሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"ስፒል።"

"ስፒል ነክሰሽ ነው እንዴ ፎቶ የምትነሺው?"

"ፎቶ አይደለም፣ ጋሼ። ስሠራ ነው ያየችኝ።"

እንደገና አዩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው።

"ለለቅሶ የሚመረጠው ፎቶ እኮ ሰው አምሮበት የለበሰበት ነው" አሉ። "ስፒል የነከሰ ሰው ፎቶ ለለቅሶ የሚያወጣ ማነው? ያቺ ጎረቤትሽ ዓይን የላትም?"

"ከአፌ ጀምሮ ወደ ታች ጨርቁ ሸፍኖት ነበር።"

ሳቃቸውን አቆሙ። ያን ጊዜ ያሰብኩትን ተናገርኩ። "ጋሼ፣ ዕድሜዬ ያለው በዚህ ሸራ ላይ አይደለም። በጌታ እጅ ነው። ሟርት በእኛ ላይ አይሠራም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።"

የመለሱልኝ በሲዳምኛ ነበር፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም። "ሟርቱን አልፈራሁም" አሉኝ። "ትናንት ሱቅ ውስጥ እያለሁ ሞተሻል ብለው ነገሩኝ። ከምሥራቅ እስከ እናንተ ሰፈር ታቦር ድረስ አንቺን ቀብሬ ነው የመጣሁት። ያንን ፊት ግድግዳ ላይ ባየሁ ቁጥር ያ መንገድ ይመጣብኛል ብዬ ነው" አሉ።

እኔ ይህን አላወቅኩም ነበር። ቁጣቸውን ብቻ ነበር የሰማሁት። እጃቸውን ያዝኩ።

"አልሞትኩም፣ ጋሼ። ይኸው እየሠራሁ ነው።"

ካርዷን ተጠግተው አነበቧት። መጀመሪያ የሲዳምኛውን ጮክ አድርገው፣ ቀጥለው የአማርኛውን በልባቸው። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሩ።

"ምን ትጠብቃለህ? ስቀለው እንጂ።"

ሠራተኞቹ ሰቀሉት። ወንድሜ ከኋላ ሆነው "በግራ ዝቅ ብሏል... ጨምር... በዛ... አሁን እህቴን ቀጥ አድርጋችሁ አቆማችኋት" አሉ። መብራቱን ሲያበሩት ስፒሎቹ አበሩ። አምላኬን በልቤ አመሰገንኩት።

ለልጄ ደወልኩላት።

"ነይ። ተሰቅሏል።"

"ማን ሰቀለው?"

"አጎትሽ።"

በስልኩ ውስጥ ከረጢቱ ከአልጋዋ ስር ተጎትቶ ሲወጣ ሰማሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ማልጄ ተነሳሁና ሐሙስ ዕለት በራችን ላይ ተቀምጠው ወደነበሩት ሰዎች ቤት በየተራ ሄድኩ። ሰው ለቅሶ ሲደርስልህ ታመሰግናለህ፤ የእኔን ግን ከእኔ በቀር የሚያመሰግንልኝ አልነበረም። ለጎረቤቴ ስኳር ይዤላት ገባሁ። "መለስሽው? ወላሂ አልቀበልም፤ ለሚቀጥለው ይቆይ" ብላ አሳቀችኝ፤ ከዚያ አቅፋ አስለቀሰችኝ። ለሁሉም አንድ ቃል ነበረኝ። "እግዜር ይስጥልኝ። ከሰዓት ባህል ማዕከል ኑ፤ ፎቁ ላይ ነኝ።"

የእድሩ ሰብሳቢ በራቸው ላይ ቆመው ሰሙኝ። "ስንቱን ቀብሬያለሁ" አሉ። "ቤቴ ድረስ መጥቶ ያመሰገነኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ።"

ከእሳቸው ወጥቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። ልጄ ገና ተኝታ ነበር። ካውያውን ሰክቼ፣ ከሰዓት የምትለብሰውን ቀሚስ ተኮስኩላት።